ስኳር በአዋቂነት ሲመጣ፦ የሻንጋይዋ ስደተኛ ታሪክ

ባለፈው ስለ ስኳር በሽታ በሬዲዮ ያቀረብኩትን ንግግር «ሬዲዮ የሌላቸው ጎረቤቶቻችንም እንዲያነቡት በወረቀት ይውጣልን» ስላላችሁ ይኸው በጽሑፍ ቀርቦላችኋል። አብዛኛው ታሪክ ነው። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። አንድ የ26 ዓመት ወንድማችን «ከሳሁ፣ ደከመኝ» ብሎ መጣ። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቶበታል። እኔም ሳንባ ነቀርሳ ጠርጥሬ ለአክታ ምርመራ ላክሁት። ስለ ውሃ ጥምና ስለ ሽንት አልጠየቅሁትም። ሰፈሩ ደግሞ የራሱን በሽታ አውጥቶለት ያወራበት ነበር። በአራተኛው ቀን እያስመለሰውና ትንፋሹ እየፈጠነ በሰው ትከሻ ተደግፎ መጣ። የጣቱ ደም ሲለካ መሣሪያው ቁጥር መስጠት አቅቶት «ከፍተኛ» ብቻ አለ። በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ዳነ። ሲመለስ የጠየቀኝን አልረሳውም፤ «እህቴ፣ ስኳር የሽማግሌና የሀብታም በሽታ አይደለም እንዴ? እኔ ለሻይ የሚሆን ስኳር እንኳ አጥቼ!»

ብዙዎቻችሁም እንዲሁ ስለምታስቡ መልሱን ላስረዳ። ከጨጓራችን ጀርባ ቆሽት የሚባል አካል አለ። ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። የበላነው ምግብ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ሲገባ፣ ከደም ወደ ሰውነታችን ሕዋሳት የሚያስገባው ኢንሱሊን ነው። በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠፋቸዋል። ስኳር ስለበላችሁ የሚመጣ አይደለም፣ አይተላለፍም፣ የማንም እጅ የለበትም። ሰውየው ቢበላም ምግቡ አይደርሰውም። ስለዚህ ይከሳል፣ ውሃ ይጠማዋል፣ ሽንት ያመላልሰዋል።

ጥንት ይህ በሽታ የያዘው ሰው ብዙ አይቆይም ነበር። በ1889 ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የአንድን ውሻ ቆሽት ቢያወጡ ውሻው ስኳር ያዘው። ምንጩ ታወቀ፣ መድኃኒቱ ግን ገና 30 ዓመት ቀረው። እስከዚያ ድረስ ሐኪሞች የነበራቸው ዘዴ በሽተኛውን ማስራብ ነበር። ምግቡን ቆጥረው ይሰጡታል፤ ጥቂት ወራት ይጨምርለታል፣ ከዚያ ይሞታል። በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ባንቲንግና ቤስት ከእንስሳት ቆሽት ኢንሱሊን ማውጣት ቻሉ፤ ማክላውድና ኮሊፕም አብረዋቸው ሠሩ። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ፈጣሪዎቹ የባለቤትነት መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ነው። በአንድ ዶላር!

አሁን ወደ ስደተኛዋ እንምጣ። ኤቫ ሳክስል በ1921 ፕራግ ተወለደች። ኢንሱሊን የተገኘበት ዓመት ነው። አይሁዳዊት ነበረች። ጀርመን አገሯን ስትይዝ ከባለቤቷ ከቪክቶር ጋር ተሰዳ ቻይና፣ ሻንጋይ ገባች። በእነዚያ ዓመታት ወደ 20,000 የሚጠጉ አይሁዳውያን ስደተኞች በዚያች ከተማ ተጠልለው ነበር፤ ሌላው ዓለም በሩን ሲዘጋ ሻንጋይ ክፍት ነበረችና። እዚያ ሳለች፣ በ20 ዓመቷ ገደማ፣ ስኳር እንዳለባት ተነገራት። አግብታለች፣ አገሯን ለቃለች፣ ሰው ቤት ገብታለች፤ በዚያ ላይ ይህ ተጨመረ። እናንተ ስሜቱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ኢንሱሊን ከመድኃኒት ቤት ትገዛ ነበር። በታኅሣሥ 1941 ጃፓን ጦርነቱን ስታሰፋ መድኃኒት ቤቶቹ ተዘጉ። የቀረው ጥቁር ገበያ ነው። አንድ ሌላ የስኳር ሕመምተኛ ከጥቁር ገበያ በተገዛ ኢንሱሊን ምክንያት መሞቱን ሲሰሙ ባልና ሚስቱ ያንን መንገድ ተዉት። ቪክቶር ሐኪም አልነበረም፤ የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲስ ነው። ባንቲንግና ቤስት ኢንሱሊን እንዴት እንዳወጡ የሚገልጽ አንድ የሕክምና መጽሐፍ አገኙ። ቻይናውያን ትንሽ ላቦራቶሪ አዋሱአቸው። ከውሃ ጎሽ ቆሽት ማውጣት ጀመሩ፤ የውሃ ጎሽ ማለት በእስያ ለእርሻ የሚጠመድ ከብት ነው። ብርታቱን ለማወቅ በጥንቸሎች ላይ ይሞክሩት ነበር። የወጣው ፈሳሽ እንደ ዛሬው እንደ ውሃ የጠራ ሳይሆን ቡናማ ነበር። በሰው ላይ ሲሞከር የመጀመሪያዋ ተወጊ ራሷ ኤቫ ሆነች። ከዚያ በስደተኞቹ ሆስፒታል ራሳቸውን ስተው ለተኙ ሁለት ሕመምተኞች ተሰጠ፤ ሁለቱም ነቁ። ጦርነቱ በ1945 እስኪያበቃ ከ200 በላይ ሰዎች በዚህ ቡናማ ኢንሱሊን ኖሩ። ኤቫ በኋላ ወደ አሜሪካ፣ ከዚያም ወደ ቺሊ ሄደች። የሞተችው በ2002 ነው። በሽታው ከተገኘባት በኋላ 60 ዓመት ኖራለች ማለት ነው።

(በሬዲዮ ይህን ከተናገርኩ በኋላ አንድ አባት «እንግዲያው ከሉካንዳ የበሬ ቆሽት ገዝተን ብንበላስ?» ብለው ጠይቀውኛል። አባቴ፣ አይሠራም። ኢንሱሊን በአፍ ከተወሰደ ሆድ ይፈጨዋል፤ ስለዚህ በመርፌ ነው የሚሰጠው።)

ይህ ዓይነት ስኳር ለረጅም ጊዜ «የልጆች ስኳር» ይባል ነበር። ስሙ ብዙ ሰው ጎድቷል። አዋቂ ሰው ሲታመም «ሁለተኛው ዓይነት ነው» ተብሎ ኪኒን ይሰጠዋል፤ ኪኒኑ ግን የጠፋውን ኢንሱሊን አይተካም። በኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ቴሬዛ ሜይ በ2012 በ56 ዓመታቸው ስኳር ሲገኝባቸው መጀመሪያ የተነገራቸው ሁለተኛው ዓይነት እንደሆነ ነው። ኪኒኑ አልሠራ ሲል እንደገና ተመርምረው አንደኛው ዓይነት መሆኑ ታወቀ። እንደዚያ ባለ አገር፣ ለእርሳቸው ይህ ከሆነ፣ የእኛ ወንድም በእኔ እጅ አራት ቀን መዘግየቱ ብቻውን አያስደንቅም። ቢሆንም አሁንም ያሳፍረኛል። ስለዚህ ኪኒን እየዋጣችሁ የምትከሱና ጥሙ ያልተዋችሁ ካላችሁ ዝም አትበሉ፣ ተመለሱና ንገሩን።

አሁን ኢንሱሊን የምትወጉ ወንድሞችና እህቶች፣ «ዳንኩ» ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ጠበል መጠመቅ የሚከለክላችሁ የለም፤ መርፌውን ግን አትተዉ። በመርፌው ሕመምተኛው ይበረታል፣ ሥጋ ይለብሳል፤ «ተሽሎኛል» የሚያሰኘውም እሱ ነው። መጾም የምትፈልጉ ከጾሙ በፊት መጥታችሁ አማክሩን፤ መጠኑ መስተካከል አለበት። ኪሳችሁ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ስኳር ወይም ከረሜላ ይኑር፤ ላብ ላብ ካላችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ቶሎ ቅመሱ።

«ፍሪጅ የለንም፣ በዚህ ሙቀት እንዴት ይቀመጣል?» ለሚለው ደግሞ መልስ አለ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ ዳዳብ፣ ዳጋሃሌ ካምፕ የቤት ውስጥ ሙቀት ለክተው፣ በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል የሚወጣና የሚወርድ ሙቀት ኢንሱሊኑን ለ4 ሳምንት እንደማያበላሸው በ2021 አሳትመዋል። ያልተከፈተው በክሊኒኩ ፍሪጅ ይቆይላችሁ። የከፈታችሁትን ብልቃጥ ቤት ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ርቆ፣ በእርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አኑሩት። የከፈታችሁበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፉ። ሲሰጣችሁ የጠራ የነበረው ከደፈረሰ፣ ወይም አንዴ ወደ በረዶነት ከተለወጠ፣ አትወጉት። ይዛችሁ ኑ፣ እንለውጥላችኋለን።