ባዶ ገጽ የለም፦ ምጣድ፣ ቆርቆሮና ቀይ አፈር በጣና ዙሪያ

በባሕር ዳሩ ዓባይ ማዶ አዲስ ምጣድ ገዝታ የገባች እናት በዚያው ቀን እንጀራ አትጋግርበትም። መጀመሪያ ታሟሸዋለች። ምጣዱን ጥዳ፣ ሲግል የተወቀጠ የጎመን ዘር ነስንሳ፣ በማሰሻ ጨርቅ ደጋግማ ታሸዋለች። ዘሩ ይጨሳል፣ ይጠቁራል፤ ተጠርጎ ሌላ ይነሰነሳል። ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች መያዛቸው አይቀርም፤ ምጣዱ «የሚለምደው» ከስንት ጋገራ በኋላ ነው። የገጽ ኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት ለዚህ ጥበብ ቦታ ሲሰጡ አላየሁም። ሥራው ግን ሌላ ሳይሆን በኦክሳይድ ገጽ ላይ ስስ የኦርጋኒክ ሽፋን ማበጀት ነው።

እሳት የበላው ሸክላ በአብዛኛው ከሲሊከን፣ ከአሉሚንየምና ከብረት ኦክሳይድ የተዋቀረ ነው። በውስጡ ያለ አቶም በየአቅጣጫው ጎረቤት አለው፤ ዳር ላይ የወጣው ግን ጎረቤቱ ጎድሎበታልና ያገኘውን ይይዛል። ቀድሞ የሚያገኘው ደግሞ የአየሩን እርጥበት ነው። የውሃው ሞለኪውል ይሰነጠቅና ገጹ በሃይድሮክሲል ይሸፈናል። ሊጡ በበኩሉ ውሃና ስታርች ነው። ስታርች ራሱ ሃይድሮክሲል የሞላበት ስለሆነ ሁለቱ በሃይድሮጅን ትስስር ይያያዛሉ፤ ሊጡም ወደ ሸክላው ቀዳዳዎች ሰርጎ እዚያው ይደርቃል። ጋጋሪዋ «ያዘብኝ» የምትለው ይህንን ነው።

የጎመን ዘር ዘይት ይህን መንገድ ይዘጋል። የዘይቱ ትልቁ ድርሻ ኢሩሲክ አሲድ ነው፤ እሱ ግን አንድ ድርብ ትስስር ብቻ ስላለው መረብ ለመሥራት እምብዛም አይመችም። መረቡን በዋናነት የሚያያይዙት በመጠን የሚያንሱት ሊኖሌይክና ሊኖሌኒክ አሲድ ናቸው፤ የመጀመሪያው ሁለት፣ ሁለተኛው ሦስት ድርብ ትስስር አላቸው። ምጣዱ ሲግል ኦክስጅን በእነዚህ ትስስሮች አጠገብ ገብቶ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ያቆላልፋል። ከተሰበሩት ሰንሰለቶች ጫፍ ላይ የሚፈጠረው ካርቦክሲል የሸክላውን የብረትና የአሉሚንየም አቶሞች ይጨብጣል። ሥሩ ሸክላውን የያዘ፣ ፊቱ ከውሃ የሚሸሽ ቆዳ የሚፈጠረው በዚህ መልክ ነው። ቆዳው ዘላቂ አይደለም፤ በየጋገራው ይሸረሸራል፣ በየማሰሱ ይታደሳል። ሳሙና የነካው ምጣድ እንደገና መሟሸት የሚያስፈልገውም አልካሊው ይህን ቆዳ ስለሚበላው ነው።

የገጽ ሳይንስ ከወጥ ቤት ሲነሳ ለነገሩ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ጀርመናዊቷ አግነስ ፖክልስ በብራውንሽቫይግ ከተማ ወጥ ቤቷ ውስጥ ሆና ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ የዘይት ሽፋን ያደረገችው ምርምር፣ በእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ በሎርድ ሬይሊ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1891 ኔቸር መጽሔት ላይ ታትሟል። አሜሪካዊው ኬሚስት ኢርቪንግ ላንግሙር ለዚህ ምርምር የሠራችውን መሣሪያ አሻሽሎ ሠራበት። እ.ኤ.አ. በ1932 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ግን እሱ ነው።

ላንግሙር ስለ አድሶርፕሽን፣ ማለትም ገጽ ላይ ስለ መለጠፍ፣ ያወጣው ቀመር በየቤተ ሙከራው አለ። ሐሳቡን በባሕር ዳር ባጃጅ ማስረዳት ይቻላል። መቀመጫዎቹ እኩል ናቸው፤ በአንድ መቀመጫ አንድ ሰው ብቻ ይቀመጣል፤ ማንም ሰው ጭን ላይ አይቀመጥም፤ ተሳፋሪው ጎረቤቱን አይገፋም፣ አይስብም፤ የፈለገ ይወርዳል፣ ሌላው ይተካል። ለንጹሕ የብረት ክሪስታል ይህ አሳማኝ ነው። ነገር ግን ንጹሕ ገጽ ለማግኘት የሚያስፈልገውን እንይ። ግፊቱ የአንድ ቶር ሚሊዮንኛ በሆነበት ባዶ ክፍል ውስጥ እንኳ፣ የደረሰው ሞለኪውል ሁሉ ቢለጠፍ፣ ገጹ በ1 ሰከንድ ገደማ በአንድ ንብር ይሸፈናል። በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ባሕር ዳር የአየሩ ግፊት ወደ 610 ቶር ነው። በዚህ ሒሳብ ገጹ ለመሸፈን የሚፈጅበት ጊዜ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ሁለት እጅ ያህል ነው። እኛ የምንነካው ብረት ሁልጊዜ የለበሰ ብረት ነው።

የቤት ክዳን ቆርቆሯችንም እንዲሁ። ብረቱን የሚጠብቀው ዚንክ፣ በአየሩ ኦክስጅንና እርጥበት ኦክሳይድና ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፤ ቀጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወደማይሟሟ ካርቦኔት ይለወጣል። ቆርቆሮ ሲያረጅ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው፤ መደብዘዙ መከላከያው ነው። በክረምት ተደራርቦና ረጥቦ የተቀመጠ ቆርቆሮ ግን አየር ስለማይደርሰው ካርቦኔቱን ሳይሠራ በነጭ ዝገት ይበላል። ብረቱ አንድ፣ ዚንኩ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የደረሰው ሞለኪውልና የደረሰበት ቅደም ተከተል ነው።

አሁን ወደ አፈሩ። ጀርመናዊው ኬሚስት ገርሃርድ ኤርትል እ.ኤ.አ. በ2007 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ አሞንያ በብረት ገጽ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ማሳየቱ ነው፤ ናይትሮጅን ገጹ ላይ ተሰንጥቆ አቶም ይሆናል፣ ዘገምተኛው እርምጃም ይኸው ነው። የመራዊ ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ በዚያ ብረት በኩል ያለፈ ነው። ብረት በፋብሪካ ናይትሮጅንን ሰጠን፤ በማሳው ላይ ግን የብረት ኦክሳይድ ፎስፎረሱን ይነጥቀናል። ቀዩን አፈር በዋናነት ያቀላው ሄማታይት ነው፤ ሌላው የብረት ኦክሳይድ ጎታይትም አብሮት አለ። የጎታይት ገጽ ኤሌክትሪካዊ ሙላቱ ዜሮ የሚሆነው ፒኤች ከ7 እስከ 9 ባለው መካከል ነው። የምዕራብ ጎጃም አሲዳማ አፈር ከዚያ በታች ስለሆነ ገጹ ፖዘቲቭ ሙላት ይዞ ይቆያል፤ ኔጋቲቭ የሆነው ፎስፌትም ይሳባል። በመሳብ ብቻ ቢያበቃ በቀላሉ ይለቅ ነበር። ፎስፌቱ ግን የገጹን ሃይድሮክሲል አስለቅቆ ከብረቱ አቶም ጋር ራሱ ይተሳሰራል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት እጁ። ከዚያ ወዲያ በቀናትና በወራት ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ኖራ መጨመር የአፈሩን ፒኤች ከፍ ሲያደርግ የገጹን ሙላት ያሳንሳል፣ መርዛማውን አሉሚንየምም ያዘቅጣል፤ ቀድሞ የገባውን ሁሉ ግን አያስመልስም።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። በመመረቂያ ጽሑፎቻችን አፈርም ይሁን ሸክላ፣ የቡና ገለባም ይሁን የሙዝ ልጣጭ፣ የተለጠፈው መጠን ይለካል፣ በላንግሙር መስመር ላይ ይሰመራል፣ መስመሩ ቀጥ ካለ «አንድ ንብር ነው፣ ገጹም ወጥ ነው» ተብሎ ይደመደማል። ይህ ድምዳሜ አይከተልም። መቀመጫቸው እኩል ያልሆነ ገጾችም፣ በጠባብ የመጠን ክልል ከተለኩ፣ ያንኑ ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣሉ። ቁጥሩ ስንት እንደተያዘ ይነግረናል፤ በምን እንደተያዘ፣ ምን ሲመጣ እንደሚለቅ አይነግረንም። ልዩነቱን ፍሎራይድ ያሳያል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎቹ በንበሩ ሽመልስ፣ ፈለቀ ዘውገና ብሃግዋን ሲንግ ቻንድራቫንሺ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ቡለቲን ላይ ያሳተሙት ጥናት ፍሎራይድን ከውሃ በአሉሚንየም ሃይድሮክሳይድ ስለ ማስወገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም በሆነበት፣ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ደግሞ ያንን በሚያልፉበት አገር፣ ለመንደሩ የሚጠቅመው ጥያቄ የይዞታው ጣሪያ ብቻ አይደለም። በዚያው ውሃ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ከፍሎራይዱ ጋር መቀመጫ ይሻማል ወይ፣ ፒኤቹ ሲቀየር የተያዘው ይመለሳል ወይ የሚሉትም ናቸው።

ከዓባይ ማዶ በዘንዘልማ አድርጎ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ፎገራን ያቋርጣል። እዚያ ሩዝ በሚበቅልበት ወቅት አፈሩ በውሃ ይዋጣል፣ ኦክስጅን ያልቃል፤ ባክቴሪያዎች ለመተንፈስ ብለው ሦስት ሙላት ያለውን ብረት ወደ ሁለት ይቀንሱታል። ሁለት ሙላት ያለው ብረት ይሟሟል። ፎስፌቱ ያን ጊዜ የሚለቀቀው ከመቀመጫው ተነስቶ ሳይሆን መቀመጫው ራሱ ሟሙቶ ነው። ላንግሙር እንዲህ ያለ ባጃጅ አላሰበም። ውሃው ሲጎድል ብረቱ እንደገና ይዝጋል፤ አዲሱ ዝገት ገና በቅጡ ክሪስታል ያልሆነ፣ ደቃቅ፣ በግራም ሲሰላ ከአሮጌው እጅግ ሰፊ ገጽ ያለው ነው። ሩዙ ተነስቶ በቀሪው እርጥበት ጓያና ሽምብራ የሚዘራው ደግሞ ልክ በዚያ ሰሞን ነው።