ሰንሰለቱና ጎማው፦ ከበረዶ ጋር የ120 ዓመት ትግል

ሲያትል ከምንኖር አራት ጓደኛሞች መካከል ለተራራ የሚሆን መኪና ያለኝ እኔ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት በዲሴምበር፣ በረዶ ላይ እንንሸራተት ብለን ወደ ስኖኳልሚ መተላለፊያ ወጣን። መኪናዬ ኤስ ዩ ቪ ናት፤ አራቱንም ጎማ ታንቀሳቅሳለች። ሽቅቡን እንደ ጨዋታ ወጣችው። ዳር ቆመው ሰንሰለት የሚያስሩ ሰዎችን እያለፍን ሳንስቅ አልቀረንም።

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ከፊቴ ያለው መኪና የፍሬን መብራቱ በራ። እኔም ረገጥኩ። ፔዳሉ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ መኪናዋ ግን መንሸራተቷን ቀጠለች። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ። ለሦስት ወይም ለአራት ሰከንድ ያህል መኪናዋ የኔ አልነበረችም። የቆመችው መንገድ ዳር የተከመረ በረዶ ውስጥ ተሰክታ ነው። ማንም አልተጎዳም። ከኋላ የተቀመጠችው ጓደኛችን ግን እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም።

በሳምንቱ ነገሩን ለአንዱ ጓደኛዬ አጎት አጫወትኳቸው። ጋሼ እነዚህን ተራሮች በጭነት መኪና ለዓመታት የተመላለሱባቸው ሰው ናቸው። «መኪናህ ለመሄድ ጎበዝ ናት» አሉኝ። «ለመቆምስ? ለመሆኑ ሰንሰለት ይዘህ ነበር?»

አልያዝኩም ነበር። ደግሞ በኋላ እንዳነበብኩት ሕጉንም ጥሼ ነበር። በዋሽንግተን ግዛት ሰንሰለት ግዴታ ነው የሚል ምልክት ሲወጣ፣ አራቱን ጎማ የሚያንቀሳቅስ መኪና ተገቢውን ጎማ ካጠለቀ ሰንሰለቱን ባያስርም ይለፋል፤ ነገር ግን መኪናው ውስጥ ይዞ መገኘት አለበት። ምልክቱ «ሁሉም መኪና» ካለ ደግሞ ምሕረት የለም፤ ሁሉም ያስራል።

የዚያን ዕለት ማታ ልገዛ ኦንላይን ገባሁ። የጎማዬን ቁጥር ሳስገባ ሻጩ «ይሆናል» ይለኛል። የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ደግሞ በዚህ ጎማ ሰንሰለት እንዳትጠቀም ይላል። ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ቅራኔ ካየ እንቅልፍ የለውም። «ለምን?» እያልኩ ወደ ኋላ ስሄድ 1904 ላይ ደረስኩ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ገመድ የጠመጠሙ ሰዎች

በመጀመሪያ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ስኖኳልሚ ከባሕር ጠለል በላይ 921 ሜትር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ በረዶ የምታየው ከዝናብ ጋር ሲወርድባት ነው። እዚህ ግን ከምድር ወገብ ርቀን ወደ ሰሜን ስለወጣን፣ ከፓስፊክ የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራው ላይ ሲጋጭ በዓመት 10 ሜትር ገደማ በረዶ ያራግፋል። እኛም ብንሆን በረዶን ጭራሽ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ ከድንጋይ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ አንድ ንጉሥ ወደ ሰሜን ተራሮች ዘምቶ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳገኘ ይተርካል። ልዩነቱ፣ ያ ሠራዊት የሄደው በእግሩ ነው። በጎማ አልነበረም።

ችግሩን የፈጠረው ጎማው ነው። ደንሎፕ በ1888 አየር የሚሞላ ጎማ ሲያወጣ ጉዞ ተመቸ። የመጀመሪያዎቹ የመኪና ጎማዎች ግን ልሙጥ ነበሩ፤ ዛሬ የምናውቀው ጥርስ የላቸውም። መንገዱ ደግሞ አፈር ነው። ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲበርድ በረዶ። ሹፌሮች መላ ፈለጉ፤ ጎማቸው ላይ ገመድ ጠመጠሙ፤ ያገኙትን ሐረግ ሳይቀር አሰሩ።

ኒው ዮርክ ግዛት፣ ካናስቶታ የምትባል ከተማ ውስጥ ሃሪ ዊድ የተባለ ሰው ይህን አይቶ ነው አሉ ሐሳቡ የመጣለት። ገመድ ይበጠሳል፤ ሰንሰለትስ? በኦገስት 1904 ፓተንቱን አገኘ። አሠራሩ ዛሬም ከሚሸጠው ብዙ አይርቅም። በጎማው በሁለቱም ጎን ክብ ሰንሰለት ይዞራል፤ ሁለቱን የሚያገናኙ አግዳሚ ሰንሰለቶች ደግሞ በጎማው ፊት ላይ እንደ መሰላል ያልፋሉ።

ሰንሰለቱ የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ልሙጥ ጎማ የመኪናውን ክብደት በሰፊ ቦታ ላይ ያሳርፈዋል። ሰንሰለት ሲኖር ያ ሁሉ ክብደት ጥቂት የብረት ቀለበቶች ላይ ያርፍና በረዶውን ይነክሰዋል። በቀጭን ተረከዝ ጭቃ ላይ እንደ መቆም ነው፤ ይሰጥማል። እዚህ ግን የምንፈልገው መስጠሙን ነው።

በጣም ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያው በ1904 ጀርመን ውስጥ ኮንቲኔንታል ጥርስ የተቀረጸበትን የመኪና ጎማ አወጣ። ለአንድ ችግር፣ በአንድ ዓመት፣ ሁለት መልስ! አንደኛው መያዣውን ጎማው ውስጥ ቀረጸው፤ ሁልጊዜ አብሮህ ይኖራል። ሁለተኛው ደግሞ ሲያስፈልግ የሚታሰር፣ ሳያስፈልግ የሚፈታ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የእነዚህ የሁለቱ ፉክክር ነው ማለት ይቻላል።

«ከእንግዲህ ሰንሰለት አያስፈልግም»

መጀመሪያ ላይ ሰንሰለቱ አሸነፈ። የዊድ ኩባንያ ማስታወቂያም ያውቅበት ነበር። በ1908 ኒው ዮርክ ላይ ከእስራት በማምለጥ የታወቀውን ሃሪ ሁዲኒን በጎማ ሰንሰለትና በመኪና ቸርኬ ተብትቦ «እስኪ አምልጥ» አለው። ሁዲኒ አመለጠ፤ የሰንሰለቱ ስም ግን ሕዝቡ አፍ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ በኋላ በየዘመኑ ሰንሰለትን ጡረታ የሚያወጣ የመሰለ ነገር መጣ። በ1934 አንድ የፊንላንድ ፋብሪካ ለጭነት መኪና የሚሆን የበረዶ ጎማ ሠራ፤ በ1936 ደግሞ ለቤት መኪና። (ይህ የጎማ ፋብሪካ በ1967 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ የኖኪያ ኩባንያ አካል ሆኗል። አዎ፣ የስልኩ ኖኪያ።) ቀጥሎ በጎማ ላይ የብረት ሚስማር መሰካት ፋሽን ሆነ። ሚስማሩ በረዶ ይነክሳል፤ አስፋልቱንም ግን ይበላዋል። ለዚህም ነው ዋሽንግተን ውስጥ ዛሬ የሚፈቀደው ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ብቻ የሆነው።

በ1972 ሱባሩ አራቱንም ጎማ የሚያንቀሳቅስ የቤት መኪና ለገበያ አቀረበ፤ በ1980 አውዲ ኳትሮን አወጣ። በ1978 ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ መጣ፤ የኔ ፔዳል ሲንቀጠቀጥ የነበረው እሱ ሥራውን እየሠራ ነው። በ1995 ደግሞ መኪናው እንዳይሾር የሚቆጣጠር ኮምፒውተር ተጨመረ። እኔ ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝ፤ እነዚህን ሥርዓቶች አደንቃለሁ። ግን ሁሉም የሚሠሩት ጎማውና መሬቱ መካከል ባለው ሰበቃ ነው። ያለውን ሰበቃ በብልሃት ያከፋፍላሉ። የሌለውን አይፈጥሩም።

እስኪ ሒሳቡን እንሥራው። ለደረቅ አስፋልት የሰበቃው ልክ 0.7 ገደማ፣ ለተጠቀጠቀ በረዶ 0.2፣ መስታወት ለሆነ በረዶ 0.1 ብለን እንያዝ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ሜዳ ላይ፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በደረቁ መንገድ 14 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። በተጠቀጠቀው በረዶ 50 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በመስታወቱ ላይ 100 ሜትር። ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በቀመሩ ውስጥ የመኪናው ክብደት ይጣፋል፤ ስለዚህ ትልቅና ከባድ መኪና መያዝ ቶሎ አያቆምም። አራት ጎማ ማንቀሳቀስም እዚህ አይረዳም፤ ምክንያቱም ዛሬ የትኛውም ተራ መኪና ፍሬኑ አራቱንም ጎማ ይይዛል።

የኔ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ሽቅቡን በቀላሉ መውጣቴ መንገዱ ጥሩ እንደሆነ ነገረኝ። ባለ ሁለት ጎማ ነጂ መኪና ቢሆን ኖሮ ገና ስነሳ ተንሸራትቶ ያስጠነቅቀኝ ነበር። የኔዋ ማስጠንቀቂያውን ውጣ ዝም አለች።

ክፍተቱ

እሺ፣ የመመሪያ መጽሐፉ «አትጠቀም» ያለውስ ለምንድን ነው?

ከ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ ወዲህ መኪኖች አነሱ፤ ሞተሩ የፊት ጎማን የሚያንቀሳቅስ ሆነ። ጎማው ያለበት ጉድጓድ ጠበበ። ሰንሰለት ሲታሰር ደግሞ ጎማው ይወፍራል። ክፍተቱ ካልበቃ ሰንሰለቱ እየዞረ የፍሬን ቱቦውን፣ የኤቢኤሱን ሽቦ ወይም ሞላውን የያዘውን ብረት ይገርፋል። በረዶ ላይ ፍሬን አጥቶ ከመቅረት ያለ ሰንሰለት መቅረት ሳይሻል አይቀርም። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ መኪኖች በክፍተታቸው ተመደቡ። በጣም ጠባቡ «ክላስ ኤስ» ይባላል፤ ከጎማው ፊት በላይ ቢያንስ 37 ሚሊ ሜትር፣ ከጎማው ጎን ደግሞ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ክፍት ቦታ ማለት ነው።

ቀጥሎ ኤስ ዩ ቪ መጣ። ከውጭ ሲያዩት ግዙፍ ነው፤ ብዙዎቹ ግን የተሠሩት በተራ የቤት መኪና አጥንት ላይ ነው። ለማማር ሲባል ትልቅ ቸርኬና ሰፊ ጎማ ይደረግባቸዋል። በዚህ ምክንያት አንድ ዓይነት መኪና በ17 ኢንች ቸርኬ ሰንሰለት ሲፈቀድለት በ19 ኢንች ሊከለከል ይችላል። የኔዋ 19 ነበረች። ሻጩ ጎማውን ብቻ አይቶ «ይሆናል» አለኝ፤ መጽሐፉ ግን ከጎማው ጀርባ ያለውን ያውቃል።

ሰንሰለቱም ከክፍተቱ ጋር አብሮ ተለወጠ። የዊድ መሰላል ዛሬም አለ፤ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በሁለት አግዳሚዎች መካከል ጎማው ባዶውን ስለሚያርፍ ወደ ጎን መንሸራተትን ብዙም አይከለክልም። አግዳሚው እንደ መረብ የተጠላለፈው ዓይነት ሁልጊዜ መሬቱን ስለሚነካ መሪ ሲዞር ይታዘዛል። ከሽቦ ገመድ የተሠራው ቀጭን ስለሆነ ጠባብ ቦታ ይገባል፤ ንክሻው ግን ያንሳል። ኖርዌይ ውስጥ የተጀመረው እንደ ካልሲ የሚለበስ ጨርቅም አለ። ቀላል ነው፤ ባዶ አስፋልት ላይ ግን ቶሎ ያልቃል። አብዛኞቹ ሰንሰለቶች ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አይነዱም።

እኔ የመረጥኩት ከሰንሰለቱ በፊት ቸርኬውን ነው። ያገለገሉ አራት 17 ኢንች ቸርኬዎችና የበረዶ ጎማ ገዛሁ፤ ከዚያ መጽሐፉ ለዚያ መጠን የሚፈቅደውን፣ ክላስ ኤስ የሆነ ባለ መረብ ሰንሰለት ያዝኩ። ሰንሰለት የት እንደሚታሰርም መጽሐፉን ተከተልኩ፤ የኔዋ ላይ የፊቶቹ ናቸው። ፊቱ ብቻ ሲነክስ ቁልቁለት ላይ ጀርባው ሊወጣ ስለሚችል አሁንም በዝግታ መንዳት ግድ ነው።

ጋሼ በደረቅ ቀን ፓርኪንግ ውስጥ አስለመዱኝ። መጀመሪያ ላይ 40 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ጣቶቼም ተላጡ። «አሁን ጓንት አድርግና በጨለማ ሥራው» አሉኝ። በአምስተኛው ሙከራ 12 ደቂቃ ገባሁ። ጥቂት ሜትር ነድቶ፣ ወርዶ እንደገና ማጥበቅ እንዳለብኝም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

በፌብሩዋሪ እነዚያው አራታችን እንደገና ወጣን። ስንመለስ ምልክቱ «ሁሉም መኪና» ይል ነበር። ዳር ይዤ አሰርኩ። አንድ ትልቅ ኤስ ዩ ቪ አጠገባችን አለፈ፤ ውስጡ ያሉት ወጣቶች እያዩን ሲስቁ አየኋቸው። አልፈረድኩባቸውም። ቁልቁለቱን በ40 ወረድኩት። ሰንሰለቱ ይንኳኳል፤ መሪው ግን በእጄ ነበር።

ታች አስፋልቱ ሲገለጥ ሰንሰለቱን ፈትቼ ጫንኩ። ከኋላ የተቀመጠችው ጓደኛችን ከዚያ እስከ ቤት አንድ ቃል አልተናገረችም። እንቅልፍ ወስዷት ነበር።