የቀዘቀዘ ምድጃ ያስተማረው ሃይማኖት

ልጅን በሃይማኖት ማሳደግ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበን መምህርና መጽሐፍ ነው። በጎንደርና በአካባቢው የኖሩት የኢትዮጵያ አይሁድ፣ የቤተ እስራኤል፣ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። ኦሪታቸው በግዕዝ የተጻፈ ነበር፤ የሚያነቡትም ቄሶችና ደብተራዎች እንጂ አራሹ፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ አልነበሩም። የረቢዎቹ የሕግ መጽሐፍ ታልሙድም አልደረሳቸውም። እንዲያም ሆኖ እምነታቸው ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ተሻገረ። ያሻገረው ከሁሉ በላይ የወላጅ ቤት ነው እላለሁ።

ዓርብ እናት ለሰንበት ዳቦ ትጋግር ነበር፤ ቤተሰቡ ወንዝ ወርዶ ይታጠብ፣ ንጹሕ ልብስ ይለብስ ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋ ነበር። በማግስቱ ምድጃው ቀዝቃዛ ነበር፣ ውኃም አይቀዳም ነበር። ለፋሲካ አሮጌው የሸክላ ዕቃ በአዲስ ይተካ፣ ሰባት ቀን ቂጣ ይበላ ነበር። ይህን እያየ የሚያድግ ልጅ «ለምን?» ማለቱ አይቀርም፤ የወላጁ መልስ ያኔ ትምህርት ይሆናል። ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ስለ ኢየሩሳሌም ደኅንነት በዜማ ይጠይቁ የነበሩት ልጆች ናፍቆቱን ያገኙት ከፊደል በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ሲመጡም የተለወጡ ቢኖሩም ብዙኃኑ ጸንቷል።

«ትርጉሙ ያልገባው ልማድ ባዶ ቅርፊት ነው» የሚል ይኖራል። ስጋቱ እውነት አለው፤ ነገር ግን ማኅበረሰቡም ይህን አልዘነጋውም። በስግድ በዓል ቄሶች ኦሪቱን ይዘው ተራራ ሲወጡ በግዕዝ የተነበበው ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ይተረጎም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 አይሁዳዊው ምሁር ዣክ ፋይትሎቪችና ተማሪው ታምራት አማኑኤል በአዲስ አበባ የከፈቱት ትምህርት ቤትም ንባብ የቤትን ሥራ ሊያግዝ እንደሚችል ያመለክታል።

«ይህ በመንደር እንጂ በከተማ አይሠራም» የሚለው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ቤተ እስራኤላውያን በብዛት እስራኤል ሲገቡ አብዛኞቹ ወጣቶች ወደ ሃይማኖታዊ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተላኩ። ዕብራይስጡንና ጸሎቱን ተማሩ። የቄሶቻቸው ሥልጣን ግን በእስራኤል ረቢዎች ዘንድ ዕውቅና ተነፈገው፤ ልጅ ያባቱን ሰንበት እንደ ጉድለት መቁጠር ጀመረ። ስለዚህ ክሩን የበጠሰው የከተማ ኑሮ ብቻ አይደለም፤ የወላጅ ክብር መነካቱም ነው። የእስራኤል ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ስግድን ብሔራዊ በዓል ሲያደርግ ያ ክብር በከፊል ተመለሰ። የልጅን መንፈስ ማነጽ የሚሻ ሁሉ በልጁ ፊት የወላጁን ሥርዓት ከማክበር ይጀምር።