ሥዕል ያገኘችውና ያላገኙት

እ.ኤ.አ. በ1914 ሩሲያዊው ሠዓሊ ናታን አልትማን ገጣሚዋን አና አክማቶቫን ሰማያዊ ቀሚስ አልብሶ፣ ቢጫ ሻል አስደርቦ፣ ጉልበቷንና ትከሻዋን ማዕዘን ማዕዘን አውጥቶ ሣላት። (የያኔው ባሏ ጉሚልዮቭ በ1913 ሐረር መጥቶ ደጃዝማች ተፈሪን ፎቶ ያነሣ ነው።) ሥዕሉ ዛሬም ሴንት ፒተርስበርግ አለ።

እኛን የነካን ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በስታሊን ዘመን ልጇ ሲታሰር፣ ወህኒ ቤት በር ላይ ከተሰለፉት እናቶች ጋር ቆማ ያየችውን ገጠመች። ወረቀት ላይ ማስቀረት ያስፈራ ነበርና ወዳጆቿ አንብበው በቃላቸው ያዙት፤ ወረቀቱን አቃጠለችው።

የቦረናና የሳይንት እናቶቻችን ሙሾም የኖረው በቃል ነው፤ ሠዓሊ ግን አልመጣላቸውም። «የማን ግጥም ነው?» ስንባል «የአገር» እንላለን። በሚቀጥለው ስብሰባ መካነ ሰላም ስንገናኝ የምታውቁትን ከነገጣሚዋ ስም ይዛችሁ ኑ።