ኸሊፋን የመምረጥ ነገር

የዐረቦች መንግሥት በተጀመረ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከግብፅ እስከ ፋርስ መድረሱን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ አገር የሚገዛው ኸሊፋ፥ ትርጓሜውም ተተኪ ማለት ነው፥ በምን ሕግ ይመረጥ እንደ ነበረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እውነቱን ለመናገር ሁሉ የተስማማበት ሕግ አልነበረም።

መሐመድ በ632 ዓመት (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በመዲና በሞተ ጊዜ፥ የከተማይቱ ተወላጆች በአንድ ዳስ ተሰብስበው ከመካከላቸው አለቃ ለመሾም ሲመክሩ አቡ በክርና ዑመር ደረሱባቸው፤ ብዙ ከተከራከሩም በኋላ አቡ በክር ተመረጠ። የመሐመድ የአጎቱ ልጅና አማቹ ዐሊ ግን በቀብሩ ዝግጅት ላይ ስለ ነበረ ከምክሩ አልተገኘም። ሥልጣኑ አስቀድሞ ለእርሱ ተሰጥቶ ነበር የሚሉት ወገኖች ዛሬ ሺዓ የሚባሉት ናቸው። አቡ በክርም በ634 ሲሞት ዑመርን በስሙ ጠርቶ ሾመ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ዑመር ያደረገው ነው። በ644 የፋርስ ሰው በሆነ ባሪያ ጩቤ ቈስሎ ሊሞት ሲል፥ ዐሊን፥ ዑስማንን፥ ዐብዱራሕማንን፥ ሰዕድን፥ ዙበይርንና ጠልሐን ሰይሞ ከስድስቱ አንዱ ይሾም አለ። ልጁ ዐብዱላህ ከምክሩ እንዲቀመጥ ፈቀደ፤ እንዲመረጥ ግን ከለከለ። ዐብዱራሕማን ራሱን ከምርጫው አውጥቶ ዳኛ ሆነ፤ ለዐሊና ለዑስማንም አንድ ጥያቄ አቀረበላቸው፤ ይኸውም እንደ ቁርኣን፥ እንደ ነቢዩ ልማድ፥ እንደ ሁለቱ ኸሊፎችም ሥራ ትሄዳለህን? የሚል ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ዐሊ እንደ ዕውቀቴና እንደ ችሎታዬ ብሎ ሲመልስ፥ ዑስማን ሳያመነታ አዎን አለ፤ ሥልጣኑም ለዑስማን ሆነ። በእኔ አሳብ የዐሊ መልስ የጥንቁቅ ሰው መልስ ነበረ፤ ዳሩ ግን ሰሚዎቹ እንደ እንቢታ ቈጠሩበት።

ይህ ዑስማን በ615 ገደማ ከመካ ሸሽተው ወደ አገራችን ከመጡት ስደተኞች አንዱ መሆኑን የእስልምና ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ዘመዶቹን በየአገሩ ስለ ሾመ ተጠላ፤ በ656 ዐመፀኞች በመዲና ቤቱን ከበው ገደሉት። ዐሊም በእርሱ ፈንታ ተሾመ፤ የሶርያው ገዢ ሙዓዊያ ግን የዘመዴን የዑስማንን ደም ሳልመልስ አልታዘዝም አለ። በ657 በሲፊን ተዋጉ፤ ዐሊ በ661 በኩፋ ተገደለ።

ሙዓዊያ መንበሩን በደማስቆ አድርጎ፥ ገና በሕይወቱ ሳለ ሕዝቡን ለልጁ ለየዚድ አስማለ፤ ዑመር የገዛ ልጁን ከምርጫ ከከለከለ ዓርባ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። በ680 አባቱ ሞቶ የዚድ ሲነግሥ፥ የዐሊ ልጅ ሑሴን ለመታዘዝ እንቢ አለ፤ በዚያው ዓመት በከርበላ ከጥቂት ተከታዮቹ ጋር ተገደለ።