ድምፅ ያጣው ሠርግ

ነገሩ የተጀመረው ከጥቂት ዓመታት በፊት በገና ማግስት ነው። ከመካከላችን የአንዱ ወንድም አሜሪካ ሲዳር የተቀረጸውን ቪዲዮ ሌሊቱን ሙሉ አውርደን፣ በፍላሽ ይዘን እናቱ ቤት ደረስን። ቡናው ተፈልቷል፣ ጎረቤት ተጠርቷል። ፍላሹን የዲሹ ሪሲቨር ላይ ሰካነው። ሙሽራው ወጣ፣ ሙሽሪት ወጣች፣ ሚዜዎቹ ጨፈሩ። ድምፅ ግን የለም! እማማ ጥቂት ዝም ብለው ካዩ በኋላ «ልጆች፣ እዚያ አገር ሠርግ በዝምታ ነው እንዴ?» አሉን።

አፈርን። ከዚያ ወዲህ «የትኛውን ማጫወቻ እንግዛ?» የሚለው ለእኛ የታሪክ ጥያቄ ሆነ። ሳጥኑ ምስሉን ሰጥቶ ድምፁን የሚነፍገን ለምንድን ነው? (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልን።)

የእኛ ዕድሜ ሰው ታሪኩን የሚጀምረው ከቪሲዲ ነው። እነ ፊሊፕስና ሶኒ በ1993 ያወጡት ይህ ዲስክ የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል ስለነበር አንድ ፊልም ሁለት ዲስክ ይፈልጋል። ልክ ልብ ሲሰቀል ተነስቶ ዲስክ መቀየር ደግሞ የታናሽ ልጅ ዕዳ ነበር። የአማርኛ ፊልሞችም ቤታችን የገቡት በእሱ ነው። ምስሉ ደብዛዛ ቢሆንም አንድ ጸጋ ነበረው፤ የትም የተገዛ ቪሲዲ ከሞላ ጎደል የትኛውም ማጫወቻ ላይ ይሠራል።

ነገሩን ያወሳሰበው፣ ያሳመረውም፣ ጄሮም ሮታ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ማይክሮሶፍት ለራሱ የፋይል ዓይነት ብቻ ቆልፎ የያዘውን የቪዲዮ መጭመቂያ (ኮዴክ የሚሉትን) በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈልቅቆ፣ ለኤቪአይ ፋይል እንዲሠራ አደረገው። ስሙንም ዲቪኤክስ አለው፤ ከኋላው ዓይኗን የምትጠቅስ ፊት ጨምሮ ;-)። ስሙ ሽሙጥ ነው። ሰርኪት ሲቲ የተባለ የአሜሪካ መደብር በዚሁ ስም አንድ ዲስክ ይሸጥ ነበር፤ ገዝተህ ማየት ከጀመርክ ከ48 ሰዓት በኋላ ሌላ ገንዘብ ካልከፈልክ አይከፈትም። ሕዝቡ ፊቱን አዞረበትና በ1999 ተዘጋ። የሮታ ዲቪኤክስ ግን የዲቪዲ ፊልምን 700 ሜጋባይት በሚይዝ ተራ ሲዲ ላይ አስገባው። ያኔ ፊልም በኢንተርኔት መጓዝ ጀመረ።

ችግሩ ፋይሉ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ፣ ቤተሰቡ ያለው ሳሎን መሆኑ ነው። ኪስ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ ዲቪኤክስ የሚያነብ የዲቪዲ ማጫወቻ ይዞ ቀድሞ ብቅ አለ። ኩባንያ መጠበቅ የሰለቻቸው ወጣቶች ደግሞ የማይክሮሶፍትን የጌም መጫወቻ ኤክስቦክስን ሰብረው የራሳቸውን ፕሮግራም ጫኑበት። ኤክስቢኤምሲ ይባል ነበር፤ ከ2014 ጀምሮ ኮዲ ተብሏል። አፕል በ2007 አፕል ቲቪን በ299 ዶላር አመጣ። ሳጥኗ ታምራለች፣ ግን ኩሩ ናት፦ አፕል ያልመረጠውን ፋይል አትቀበልም፣ ባለ ቢጫ ገመዱን አሮጌ ቴሌቪዥንም አታውቀውም።

የእኛን ድምፅ ያገኘው ዌስተርን ዲጂታል በ2008 ያወጣው ደብልዩዲ ቲቪ ነው። በውስጡ ሃርድ ዲስክ የለም፤ የራስህን ትሰካበታለህ። ኤምኬቪ ይከፍታል፣ ኤችዲኤምአይም ቢጫ-ቀይ-ነጩም አለው። ከሁሉ በላይ ኢንተርኔት አለህ ብሎ አያስብም። ሃርድ ዲስክ በቦርሳ ይዞ ፊልም ለማስገልበጥ ከሰፈር ሰፈር ለዞረ ሰው ይህ ትልቅ አክብሮት ነው። በ2013 የመጣው የጉግል ክሮምካስት ዋጋው 35 ዶላር ብቻ ነበር፤ ነገር ግን የተሠራው ዋይፋይ ለማይቋረጥበት ቤት ነው።

ወደ ሠርጋችን እንመለስ። አንድ የቪዲዮ ፋይል ምስልና ድምፅ ለየብቻ ተጭነው የተጠቀለሉበት እሽግ ነው። የእኛው ድምፅ ኤሲ-3 በሚባለው በዶልቢ ስልት የተቀዳ ነበር። ይህን የሚፈታ ዕቃ ለመሸጥ አምራቹ ለዶልቢ የፈቃድ ክፍያ መክፈል ነበረበት፤ ርካሽ ሪሲቨር የሚሠራው ደግሞ እዚህ ላይ ይቆጥባል። እማማ የልጃቸውን የሠርግ ዘፈን ያጡት ለዚህ ነው። ሻጩ ይህን አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

አሁን ሱቅ ስንገባ «ሁሉን ይከፍታል» የሚለውን ካርቶን አናነብም። ፍላሽ ይዘን እንሄዳለን፤ አንድ ባለ ኤሲ-3፣ አንድ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ (ፋት32 በሆነ ፍላሽ ላይ እንደማይጻፍ ልብ በሉ)፣ አንድም የአማርኛ ጽሑፍ ከሥሩ ያለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ጀምሮ ነው፤ ፊደሉ ያልተጫነበት ሳጥን ግን እስካሁን ባዶ አራት ማዕዘን ይደረድርልሃል። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ያጥቁር።

የዚያን ቀን ማታ ድምፁን ብቻ ወደ ኤምፒ3 ቀይረን በማግስቱ ተመለስን። እልልታው ቤቱን ሞላው። እማማ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይቆዩ «ኧረ ቀንሱት፣ ጆሮዬን!» አሉ።