ከአመድ የወጣ መድኃኒት፣ ከእጅ የራቀ ዕውቀት

አንድ ቁስል ወር ሁለት ወር አልፎት፣ ዓመትም ሞልቶት አልድን ሲል ምን ይደረጋል? የጥንት ሕንዶች ለዚህ ጥያቄ አንዱን መልስ ያገኙት ከአመድ ውስጥ ነው። ቀልድ አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት በሱሽሩታ ስም የተሰባሰበው የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ «ክሻራ» ለሚባለው መድኃኒት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። መጽሐፉ ለቁስል ከሚዘረዝራቸው 60 የሕክምና ዘዴዎችም አንዱ ይኸው ነው፤ የሚታዘዘውም ሥጋው አብጦ ለወጣ፣ ለጠጠረ፣ ለሚያሳክክና ለቆየ ቁስል ነው።

እስቲ አሠራሩን እንየው። ልዩ ልዩ ዕፅዋት ደርቀው ይቃጠላሉ። ከነዚህ አንዱ «አፓማርጋ» ሲሆን፣ እኛ በየአጥሩ ሥር የምናውቀው ጠለንጅ ነው። አንድ እጅ አመድ በስድስት እጅ ውሃ ይበጠበጥና 21 ጊዜ ይጠራል፤ ከዚያም በእሳት ላይ እየተማሰለ ይፈላል። እንዲሁ የፈላው ለስላሳ ክሻራ ይባላል። የተቃጠለ የኖራ ድንጋይና ዛጎል ሲገባበት ግን ይበረታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በአመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ካርቦኔት ከኖራው ጋር ሲገናኝ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይወጣዋል፤ ይህም የሞተ ሥጋ የሚበላ ኃይለኛ አልካሊ ነው።

ታዲያ ይህን በሰው ገላ ላይ ማፍሰስ እብደት አይደለም? ሱሽሩታም ይህን አልሳተውም። መቶ ፊደል ለመጥራት የሚበቃ ጊዜ ያህል ብቻ ይቆይ ይላል። ቦታው ሲጠቁር በኮምጣጣ ፈሳሽ ይበርዳል፤ ቅቤም ይቀባል። ኮምጣጣው አልካሊውን ውሃ እሳትን እንደሚያጠፋ ያጠፋዋል ብሎም ያስረዳል። ዛሬ አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ኃይላቸውን ያጣሉ እያልን የምንማረውን እሱ በቁስል ላይ ይሠራበት ነበር ማለት ነው። ለሕፃን፣ ለሽማግሌ፣ ለደካማና ለእርጉዝ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ባላዋቂ እጅ ከገባ እንደ መርዝ፣ እንደ መብረቅ ይገድላል ሲልም ያስጠነቅቃል።

እንዲህ የረቀቀ ዕውቀት ኋላ ለምን ደከመ? የቤንጋሉ ኬሚስት ፕራፉላ ቻንድራ ራይ እ.ኤ.አ. በ1902 ማሳተም በጀመረው የሕንድ ኬሚስትሪ ታሪክ መጽሐፉ ይህን የክሻራ አሠራር አድንቆ፣ ለውድቀቱም የሰጠው ምክንያት ኅብረተሰባዊ ነው። ሱሽሩታ ተማሪው ሬሳ ከፍቶ እንዲያጠና ያዝ ነበር። የማኑ ሕግ ግን ሬሳ መንካት ያረክሳል አለ። የተማረው ክፍል እጁን ከቢላዋው አራቀ፤ ሙያው በዝቅተኛነት ለሚታዩት ተተወ። የሚያስበው አይነካም፣ የሚነካው አይማርም ሆነ። ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ ቆዳ ሠሪውን «ፋቂ» እያልን ያንቋሸሽን ሰዎች አይደለንም?

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ ፒ. ጄ. ዴሽፓንዴና ባልደረቦቹ «ክሻራ ሱትራ»ን፣ ማለትም የክሻራ ክርን፣ እንደገና ሥራ ላይ አዋሉት። የቁልቋል ዘመድ በሆነ ተክል ወተት፣ በጠለንጅ አመድ ክሻራና በእርድ እየተደራረበ 21 ጊዜ የተቀባ ክር ነው። በፊንጢጣ አጠገብ በሚወጣና አልድን በሚል የፊስቱላ ቀዳዳ ውስጥ አልፎ ይታሰራል፤ በየሳምንቱ እየተለወጠም ቀዳዳውን ቀስ በቀስ እየቆረጠ ያድነዋል።

ደግሞም በዝና ብቻ አልታመነም፤ ተፈተነ። የሕንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በልዩ ልዩ ሆስፒታሎች ከቀዶ ሕክምና ጋር አወዳድሮት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ታተመ። በክር የታከሙት ለመዳን 8 ሳምንት ገደማ ወሰደባቸው፤ የተቀደዱት 4። በሽታው ያገረሸባቸው ግን በክሩ በኩል ከመቶ 4፣ በቀዶው በኩል ከመቶ 11 ነበሩ። ጉድለቱም ብልጫውም በቁጥር ታወቀ።

ይህን ያነበበ ሁሉ የምድጃ አመድ ቁስሉ ላይ ይነስንስ ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ማድረግ ቴታነስ መጋበዝ ነው። የምንለው ሌላ ነው። «የአባቶች ጥበብ» እያሉ በጭፍን ማምለክም፣ «ኋላ ቀር» ብሎ መጣልም ሁለቱም ከሥራ መሸሻ ናቸው። ጠለንጁ በየደጃችን አለ፤ የሚያውቁት አዛውንትም አሉ። የጎደለው እጁን ሳይጠየፍ፣ ሚዛንና መዝገብ ይዞ አጠገባቸው የሚቀመጥ ተማሪ ነው።